የዛፍ እንቁራሪትን መመገብ፦ ከነፍሳቱ ምርጫ እስከ ካልሲየምና ቫይታሚን

የዛፍ እንቁራሪት በዱር ስትኖር በአንድ ሌሊት ከዝንቡም፣ ከእሳት እራቱም፣ ከሸረሪቱም፣ ከጢንዚዛውም እያደነች ታድራለች። እነዚህ ታዳኞች ደግሞ ቅጠሉን፣ የአበባ ብናኙን ወይም ሌላ ነፍሳት በልተው፣ ሆዳቸው ሞልቶ ነው የሚዋጡት። በመስታወት ቤት ውስጥ የምትኖረው እንቁራሪት ግን ባለቤቷ ያመጣላትን ብቻ ትበላለች፤ ያም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነፍሳት፣ ያውም ከቦታ ቦታ ሲጓጓዝ ተርቦ የቆየ ነው። በቤት የሚያዙ የዛፍ እንቁራሪቶችን ከሚያጠቁት ሕመሞች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከዚህ ልዩነት ነው። በመሆኑም ጀማሪ ባለቤቶች አዘውትረው ከሚጠይቁት «ስንት ትብላ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ የምትበላው ነፍሳት ራሱ ምን በልቶ፣ ምንስ ተነስንሶበት ቀረበ?

ከዚህ በታች የቀረበው ምክር በቤት ውስጥ በብዛት የሚያዙትን ዝርያዎች ይመለከታል። እነሱም በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ የምትገኘው ደንዳና አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪት፣ የመካከለኛው አሜሪካዋ ባለ ቀይ ዓይን እንቁራሪት፣ እንዲሁም የሰሜን አሜሪካዎቹ አረንጓዴና ግራጫ የዛፍ እንቁራሪቶች ናቸው። በመጠን ይለያያሉ፤ የአውስትራሊያዋ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትደርስ የሰሜን አሜሪካዋ አረንጓዴ ከ6 ሴንቲ ሜትር ብዙም አታልፍም። በአመጋገብ ግን ተመሳሳይ ናቸው፤ ካደጉ በኋላ ነፍሳት በል እንጂ ቅጠልም ሆነ ፍራፍሬ አይበሉም፤ የሚያድኑትም በሌሊት ነው። በውኃ ውስጥ የሚኖሩት ጭራ ያላቸው ግልገሎች የተለየ አመጋገብ ስላላቸው እዚህ አይነሱም።

ምግቡ መንቀሳቀስ አለበት

የዛፍ እንቁራሪት ምግቧን የምትለየው በእንቅስቃሴው ነው። ምንም ያህል ቢርባት፣ ከፊቷ የተቀመጠ የማይንቀሳቀስ ነፍሳት ለእሷ እንደሌለ ይቆጠራል። ሰውን የለመዱ አንዳንድ እንቁራሪቶች በወረንጦ ተይዞ የሚወዛወዝላቸውን የሞተ ነፍሳት ይቀበላሉ፤ ሆኖም የደረቀና የታሸገ ነፍሳት የዕለት ምግባቸው ሊሆን አይገባም፤ ሕይወት ያለው ነፍሳት በሆዱ ይዞት የሚመጣውን ትኩስ ምግብም ሆነ ውኃ አይሰጥምና።

ስትበላ ቀረብ ብሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። መጀመሪያ መላ አካሏን ወደ ታዳኙ ታዞራለች፤ ለጥቂት ጊዜ ሳትነቃነቅ ትቆያለች፤ ከዚያም ትወረወራለች። ምላሷ የተያያዘው ከአፏ የፊት ጫፍ ጋር ስለሆነ ተገልብጦ ይወጣና በላዩ ባለው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ነፍሳቱን ይዞ ይመለሳል። ስትውጥ ሁለቱ ዓይኖቿ ይከደኑና ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ያመማት ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ዓይኖቿ ወደ አፏ ጣሪያ እየወረዱ ምግቡን ወደ ጉሮሮዋ እየገፉ ነው። ያሏት ጥቃቅን ጥርሶች በላይኛው መንጋጋዋ ላይ ብቻ የሚገኙ ሲሆን ታዳኙን ለመያዝ እንጂ ለማኘክ አያገለግሉም፤ ስለዚህ ያገኘችውን ሁሉ እንዳለ ትውጣለች።

የምግቡ መጠን ወሳኝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የነፍሳቱ ርዝመት በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ርቀት ባይበልጥ ይመረጣል። እንደ መሬት ትል ያሉ ረጃጅም ምግቦችን በሚመለከት ውፍረታቸውን ማየትና እንደ አስፈላጊነቱ መቁረጥ ይገባል። ከአቅሟ በላይ የሆነ ታዳኝ ብትውጥ ልትተፋው ትችላለች፤ ካልተፋችውም አንጀቷን ሊዘጋባት ይችላል። ከታዳኙ ጋር አብሮ የሚዋጥ ጠጠርም ተመሳሳይ አደጋ ስላለው የቤቷ ወለል ላይ ልትውጠው የምትችለው መጠን ያለው ጠጠር ባይነጠፍ መልካም ነው።

የትኞቹ ነፍሳት ይቅረቡ?

የብዙዎቹ የዛፍ እንቁራሪቶች ዋና ምግብ ክሪኬት ነው፤ ማታ ማታ ሲጮኽ የሚሰማው የፌንጣ ዘመድ። ያለማቋረጥ ስለሚንቀሳቀስ የእንቁራሪቷን ትኩረት ይስባል፤ ሲፈለፈል ካለው ጥቃቅን መጠን አንሥቶ እስከ ትልቁ ድረስ በየደረጃው ስለሚገኝም ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል። ከእሱ ጋር እያፈራረቁ የሚሰጡ ሌሎች መልካም ምግቦች አሉ። ለመኖ ተብሎ የሚረባው ዱቢያ የተባለው በረሮ ሥጋው ደህና ነው፤ አይዘልም፤ አይጮኽም፤ ነገር ግን ወለል ላይ ሲለቀቅ ወዲያው አፈር ውስጥ ስለሚደበቅ በሳህን ወይም በወረንጦ ነው የሚቀርበው። ትንንሽ አንበጣዎች ወደ ላይ የመውጣት ልማድ ስላላቸው እንቁራሪቷ ወደምትቀመጥበት ቅርንጫፍ በራሳቸው ይሄዳሉ። የሐር ትል ለስላሳና ስቡ አነስተኛ ነው። የመሬት ትልም ለትልልቆቹ እንቁራሪቶች በጣም ጥሩ ምግብ ሲሆን፣ በእኔ እምነት ሊሰጠው የሚገባውን ያህል ቦታ አላገኘም።

ብላክ ሶልጀር የተባለው ዝንብ እጭ ለብቻው መጠቀስ አለበት፤ ከሌሎቹ የመኖ ነፍሳት በተለየ ሁኔታ በተፈጥሮው ብዙ ካልሲየም ይዟልና። ቆዳው ጠንከር ስለሚል አንዳንዴ ሳይፈጭ ያልፋል፤ ስለዚህ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ይሰጥ እንጂ ብቸኛ ምግብ አይሁን። እጩ አድጎ ዝንብ ከሆነም አይጣል፤ የሚበር ታዳኝ እንቁራሪቷን ከቅጠል ወደ ቅጠል እያዘለለ ጥሩ የአካል እንቅስቃሴ ያሠራታል። ጭራቸውን ገና የጣሉ ጥቃቅን እንቁራሪቶች ደግሞ መብረር የማይችሉ ሆነው በሚረቡት የፍራፍሬ ዝንቦችና አዲስ በተፈለፈሉ ክሪኬቶች ያድጋሉ።

በልክ መሰጠት ያለባቸውም አሉ። የዱቄት ትል፣ ዞፎባስ የሚባለው ትልቁ ዘመዱና የሰም ትል ስባቸው ብዙ፣ ካልሲየማቸው ግን ጥቂት ነው። በተለይ የሰም ትል የከሳችን እንቁራሪት ለማወፈር ካልሆነ በቀር አልፎ አልፎ ብቻ የሚቀርብ ነው። እንቁራሪቶች በጣም ስለሚወዱት አዘውትሮ ሲሰጣቸው ሌላውን ምግብ መናቅ ይጀምራሉ። የአይጥ ግልገል ለትልልቅ የዛፍ እንቁራሪቶች የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ እኔ ፈጽሞ አልመክረውም። ነፍሳት ለማዋሃድ ለተፈጠረ አካል ስቡም ኮሌስትሮሉም ከመጠን ያለፈ ነው፤ በቤት የሚያዙ የዛፍ እንቁራሪቶች የዓይናቸው ብርሃን ማስገቢያ ላይ ነጭ የስብ ክምችት የሚታይባቸውም እንዲህ ካለው ስብ ከበዛበት አመጋገብ ጋር ተያይዞ ነው።

ከደጅ የተያዘ ነፍሳት ፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ጥገኛ ትል ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቤት ውስጥ የሚርመሰመስ በረሮም እንዲሁ መርዝ ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል አይሰጥ። በሌሊት የሚያበሩ ጢንዚዛዎች፣ አባ ጨጓሬ፣ ንብና ተርብ በማንኛውም ሁኔታ አይቀርቡም፤ አብሪዎቹ ጢንዚዛዎች በሰውነታቸው ውስጥ ያለው መርዝ ልብን ስለሚያጠቃ አንዲቱ ብቻ እንኳ ልትገድል ትችላለች።

በቅድሚያ ነፍሳቱን መመገብ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያዝ ከሆነ ይህ ክፍል እንዲሆን እወዳለሁ። ተርቦ የቆየ ክሪኬት ለእንቁራሪቷ ከሚሰጠው ጥቅም ብዙውን አጥቷል። ጥሩ መኖ በልቶ የጠገበ ክሪኬት ግን ከራሱ ሥጋ በተጨማሪ በአንጀቱ ውስጥ ያለውን ምግብም ይዞላት ይገባል።

ስለዚህ ነፍሳቱ በመጡ ዕለት ለእንቁራሪቷ መስጠት ሳይሆን አየር ወደሚገባበት ሰፊ ዕቃ አዛውሮ፣ የእንቁላል ካርቶን እየቆረጡ መሸሸጊያ አድርጎላቸው፣ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ቢቻል እስከ 48 ሰዓት ድረስ በሚገባ መመገብ ያስፈልጋል። ደረቁ መኖ ለዚህ ዓላማ የተዘጋጀና ካልሲየም የበዛበት ዱቄት ቢሆን ይመረጣል፤ ከክብደቱ ቢያንስ 8 በመቶው ካልሲየም ሲሆን ነው በነፍሳቱ አንጀት ውስጥ ያለውን ሚዛን በእርግጥ የሚለውጠው። ይህን ያህል ካልሲየም ለነፍሳቱ ራሳቸው ለረጅም ጊዜ አይስማማቸውም፤ ስለሆነም ነፍሳት የሚያራባ ሰው ለእርባታው ተራውን መኖ እየሰጠ፣ ለምግብ የተለዩትን ብቻ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ወደዚህኛው ያዛውራቸው።

ከደረቁ መኖ ጎን ለጎን እርጥበት ያለው ምግብ ያስፈልጋቸዋል፤ ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ ዱባና ጥቁር አረንጓዴ ጎመን ጥሩ ናቸው። ስፒናችና ቆስጣ ግን በውስጣቸው ያለው ኦክሳሌት ካልሲየምን ይዞ ከጥቅም ውጭ ስለሚያደርገው ባይዘወተሩ ይሻላል። አትክልቱ ታጥቦ፣ በስሱ ተቆርጦ ይቀርባል፤ ሻጋታ ሳይጀምረው ይነሣል። ክሪኬት በክፍት ውኃ ውስጥ ሰምጦ ስለሚሞት ውኃው በጄል መልክ ወይም በረጠበ ስፖንጅ ይሰጥ። ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታ ከቀዘቀዘ ነፍሳቱ ሳይበሉ ተኮማትረው ይውላሉ፤ ሞቅ ሲል ነው በደንብ የሚበሉት። ከመኖው ሲነሡም ወዲያው ለእንቁራሪቷ መቅረብ አለባቸው፤ ለአንድ ሌሊት ያለ ምግብ ከቆዩ አንጀታቸው ባዶ ሆኖ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ካልሲየም

ነፍሳቱ የቱንም ያህል ቢጠግቡ የካልሲየም ጉድለቱ ሙሉ በሙሉ አይሞላም። ለእንቁራሪት የሚስማማው ምግብ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ በአንድ ተኩል ወይም በሁለት እጥፍ የሚበልጥበት ነው። በክሪኬት፣ በበረሮና በዱቄት ትል ሰውነት ውስጥ ያለው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲያንስ አካሏ ከአጥንቷ እየነቀለ ይተካዋል፤ ይህ ለወራት ሲቀጥል አጥንቷ ይልፈሰፈሳል። የታችኛው መንጋጋዋ እንደ ላስቲክ ይተጣጠፋል፤ እግሮቿ ይጎብጣሉ፤ ለመዝለል ስትሞክር ትወድቃለች፤ ሲብስም ጣቶቿና እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ። በፍጥነት የሚያድጉት ልጆቹ ቶሎ ይጎዳሉ፤ የጎበጠ አጥንትም ከዳነች በኋላ እንኳ ጎብጦ ይቀራል።

መከላከያው ለተሳቢና በውኃና በየብስ ለሚኖሩ እንስሳት የተዘጋጀ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ነው። ሲገዛ ሁለት ነገር ይታያል፤ ፎስፈረስ የሌለበት መሆኑና በጣም የላመ መሆኑ። ሻካራ ዱቄት በነፍሳቱ ላይ ሳይጣበቅ ይረግፋል።

አነሳሰኑ ቀላል ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለአንድ ጊዜ የሚበቁት ነፍሳት ብቻ በደረቅ ብርጭቆ ወይም በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይደረጋሉ፤ በጣት ጫፍ የተቆነጠረ ዱቄት ይጨመራል፤ ከዚያም ዕቃው ቀስ ተደርጎ ይሽከረከራል። ኃይለኛ መናጥ የክሪኬቱን እግር ይሰብራል። ሲወጡ ሊጋገር በተዘጋጀ ሊጥ ላይ እንደሚነሰነስ ዱቄት ስስ ሽፋን ለብሰው ሊታዩ ይገባል። ዓይናቸውና አፋቸው እስኪደፈን ነጭ ከሆኑ በዝቷል፤ እንቁራሪቷም በምላሷ ነክታ ልትተፋቸው ትችላለች። ክሪኬት ራሱን የሚያጸዳ ነፍሳት ነው፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በላዩ ላይ የሚቀረው ዱቄት እምብዛም ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ነስንሶ ቤቷ ውስጥ ለቆ መሄድ ካልሲየም ሰጥቻለሁ ብሎ ራስን ከማታለል የዘለለ ጥቅም የለውም፤ የተነሰነሰው ወዲያው መበላት አለበት። ቤቷን ውኃ መርጨት ካስፈለገም ከመመገቧ ቀደም ብሎ ይረጭና ጠብታው ረገብ ሲል ነፍሳቱ ይግቡ፤ ርጥብ ቅጠል ዱቄቱን ያጥበዋል።

በማደግ ላይ ላለች እንቁራሪት በእያንዳንዱ ምግብ ላይ ካልሲየም ይነስነስ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለምትበላ አዋቂ ሁለቱን ጊዜ በካልሲየም፣ አንዱን ጊዜ በመልቲቫይታሚን ማድረግ ለማስታወስም ለመከታተልም ይመቻል። ሁለቱን ዱቄቶች በአንድ ዕቃ ቀላቅሎ ማስቀመጥ አይመከርም፤ መጠኑን ለመቆጣጠር ያስቸግራል፤ ቫይታሚኑም ቶሎ ሊበላሽ ይችላል።

ቫይታሚን ዲ3 እና ብርሃን

ቫይታሚን ዲ3 ከጎደለ የተበላው ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም በሚገባ አያልፍም። እንቁራሪቷ ይህን ቫይታሚን ከምግቧ ልታገኘው ትችላለች፤ ወይም ዩቪቢ የተባለው፣ ከ290 እስከ 315 ናኖ ሜትር ያለው የብርሃን ክፍል ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ራሷ ትሠራዋለች። የሌሊት እንስሳ ናትና ብርሃን አያስፈልጋትም የሚል አስተያየት አለ፤ ነገር ግን በዱር ቀኑን ቅጠል ላይ ተለጥፋ ስትተኛ በቅጠሎች መካከል የሚወርደው ብርሃን ያገኛታል። እኔ አነስተኛ ኃይል ያለው የዩቪቢ መብራት መኖሩን፣ ከሥሩም ስትፈልግ የምትሸሸግበት ጥላ መኖሩን እደግፋለሁ። መስታወት ዩቪቢን ስለሚያግድ መብራቱ ከሽቦ ወንፊት ክዳን በላይ ይቀመጣል። በዚሁ ምክንያት ቤቷን በመስኮት አጠገብ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ዲ3 አያስገኝም፤ ይልቁንም በሙቀት ሊገድላት ይችላል። መብራቱ ለዓይን እንደ ወትሮው እያበራም ዩቪቢው እየቀነሰ ስለሚሄድ አምራቹ ባስቀመጠው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ውስጥ፣ ይለወጣል።

መብራት ከሌለ ዲ3 ያለበት የካልሲየም ዱቄት መጠቀም ግዴታ ነው። መብራቱ ካለ ደግሞ አብዛኛው ካልሲየም ዲ3 የሌለበት ሆኖ፣ ዲ3 ያለበት አልፎ አልፎ ቢሰጥ ይበቃል። ከመጠን ያለፈ ዲ3 ካልሲየምን እንደ ኩላሊት ባሉ ለስላሳ አካላት ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል፤ ስለዚህ ጉድለቱን ፈርቶ ማብዛትም ሌላ ሕመም መጥራት ነው።

ቫይታሚን ኤ፦ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው

ካልሲየምን የማይረሱ ጠንቃቃ ባለቤቶች እንኳ ቫይታሚን ኤን ይዘነጋሉ። የመኖ ነፍሳት ይህን ቫይታሚን በተዘጋጀ መልኩ አይይዙም ማለት ይቻላል። በካሮትና በዱባ ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ለነፍሳቱ መልካም ነው፤ ሆኖም እንቁራሪቶች ቤታ ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ የመለወጥ አቅማቸው ውስን ስለሆነ በእሱ ብቻ መመካት አይቻልም። ዱቄት ሲገዛ መለያው ላይ «ቫይታሚን ኤ» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ብቻ አያጠግብም፤ በንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ሬቲኖል፣ ሬቲኒል አሲቴት ወይም ሬቲኒል ፓልሚቴት መጠቀሱን ማረጋገጥ ያሻል። አንዳንዶቹ ዱቄቶች ቤታ ካሮቲን ብቻ ናቸው።

ጉድለቱ ሲከሰት በምላሷ ላይ የሚያጣብቀውን ፈሳሽ የሚያመነጩት ሕዋሳት ይደርቃሉ፤ ይደድራሉም። እንቁራሪቷ ትራባለች፤ ታዳኙን ታያለች፤ ምላሷንም ትወረውራለች፤ ምላሷ ግን አይዝላትም። ደጋግማ እየሳተች ትከሳለች። ባለቤቱ ይህን ከእርጅና ወይም ከዓይን ድካም ሊቆጥረው ይችላል፤ ስለዚህ ቀድሞ በአንድ ሙከራ ትይዝ የነበረች እንቁራሪት መሳት ስትጀምር በቀላሉ መታለፍ የለበትም። የዓይን ቆብ ማበጥም ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ሕክምናው የሐኪም ሥራ ነው፤ ቫይታሚን ኤ በጉበት ውስጥ ስለሚከማች በግምት የሚሰጥ ብዙ መጠን ይመርዛል። ለመከላከል ግን ለአዋቂ በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ የሚነሰነስ ጥሩ መልቲቫይታሚን በቂ ነው።

ቫይታሚኖች በሙቀት፣ በብርሃንና በእርጥበት ኃይላቸውን ያጣሉ። ዕቃው የተከፈተበት ቀን በላዩ ላይ ይጻፍ፤ ከመብራቱና ከውኃ መርጫው ርቆ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ከስድስት ወር በኋላም ገና ግማሹ ቢቀር እንኳ በአዲስ ይተካ።

ምን ያህል፣ በየስንት ጊዜው?

ጥቃቅኖቹ በየቀኑ፣ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ይበላሉ። እያደጉ ሲሄዱ ወደ አንድ ቀን ልዩነት ይሸጋገራሉ። አዋቂዎቹ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ መጠናቸው የተስማማ ከ4 እስከ 6 ነፍሳት ቢበሉ ለአብዛኞቹ ይበቃል። ቁጥሩ መነሻ ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የእንቁራሪቷ አካል ነው።

የአውስትራሊያዋ አረንጓዴ በተለይ የመወፈር ዝንባሌ አላት። በደህና ሁኔታ ላይ ስትሆን ከጆሮ ታምቡሯ በላይ ስስ የቆዳ እጥፋት ይታይባታል፤ እጥፋቱ ወርዶ ታምቡሩን ወይም ዓይኗን መሸፈን ከጀመረ ወፍራለች፤ ጭራሽ ካልታየና የዳሌዋ አጥንት ከወጣ ደግሞ ከስታለች። ባለ ቀይ ዓይኗ በተፈጥሮዋ ቀጭን ስለሆነች ከአውስትራሊያዋ ጋር ማወዳደር ያሳስታል። እንቁላል የያዘች ሴት ሆዷ መንፋቱ ከውፍረት እንዳይቆጠር መጠንቀቅም ይገባል። ዓይን ቀስ በቀስ የሚመጣን ለውጥ ስለሚላመድ በወር አንድ ጊዜ ክዳን ባለው ቀላል ዕቃ ውስጥ አድርጎ በግራም በሚለካ ሚዛን መመዘንና መጻፍ ከማንኛውም ግምት ይበልጣል።

አቀራረቡ

የምግቧ ሰዓት መብራቱ ጠፍቶ መንቀሳቀስ ስትጀምር፣ ሲመሻሽ ነው። ነፍሳቱን ግድግዳው ልሙጥና ጠለቅ ያለ ሳህን ውስጥ ማድረግ ወይም ጫፉ ለስላሳ በሆነ ወረንጦ አንድ በአንድ መስጠት ከመልቀቅ የተሻለ ነው፤ ምን ያህል እንደበላች ይታወቃል፤ ዱቄቱም ሳይረግፍ ይደርሳታል። ብዙ እንቁራሪቶች አብረው ከሆኑ ፈጣኗ የዝግተኛዋን ድርሻ እንዳትወስድ ለየብቻ መስጠት ያስፈልጋል። በመጠን በጣም የሚበላለጡትን አንድ ላይ ማኖርም አይገባም፤ ትልቋ ትንሿን ልትውጣት ትችላለች። ያልተበሉ ክሪኬቶች ይነሡ፤ ቀን ስትተኛ ቆዳዋን ይነክሷታል። ተደብቀው የቀሩ ካሉ ወለሉ ላይ ቁራጭ ካሮት ቢተውላቸው ወደ እሷ አይሄዱም።

ባዶ እጅ በላብና በሳሙና ቅሪት ቆዳዋን ሊጎዳ ይችላል፤ እሷም ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ልታስተላልፍ ትችላለች። ስለዚህ በፊት እጅን ታጥቦ በሚገባ ማለቅለቅ፣ ከጨረሱ በኋላም በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ውኃን በአፏ አትጠጣም፤ በሆዷና በጭኗ ቆዳ ትስበዋለች። ስለዚህ ጥልቀት የሌለው ሳህን በየቀኑ የሚለወጥ ውኃ ይደረግላት። የቧንቧ ውኃ ክሎሪንንም ክሎራሚንንም በሚያስወግድ ማጣሪያ ፈሳሽ ይታከም፤ ክሎሪን ውኃው ክፍት ሆኖ ሲያድር ይወጣል፤ ክሎራሚን ግን አይወጣም። የቫይታሚን ዱቄት ውኃዋ ውስጥ መበተን ትክክል አይደለም፤ ምን ያህሉ እንደሚገባት ማወቅ አይቻልም።

መብላት ስታቆም

ከሁሉ በፊት ቴርሞሜትሩ ይታይ። እንቁራሪት የራሷ የሰውነት ሙቀት የላትም፤ ከሞቃት አካባቢ የመጡት ዝርያዎች ቀን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ካላገኙ ምግባቸውን በሚገባ አይፈጩም፤ በብርድ የተዋጠ ነፍሳት ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል። አዲስ የመጣች እንቁራሪት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ምግብ ብትንቅ የተለመደ ነው። የመራቢያ ወቅትም የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። ቆዳዋን የምትቀይርበት ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ያን ጊዜ አፏን ደጋግማ እየከፈተች በእግሮቿ ቆዳዋን ወደ አፏ እየጎተተች መልሳ ትውጠዋለች፤ ይህ ባለቤቱን ቢያስደነግጥም ጤናማ ነገር ነው። ጤነኛና ደንዳና አዋቂ ለሁለት ሳምንት ባትበላ አትጎዳም፤ ትንሿ ግን ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ካልበላች ጉዳዩ አሳሳቢ ነው።

መንቀጥቀጥ፣ የመንጋጋ መልፈስፈስ፣ የእግር መጉበጥ፣ የሆድ በድንገት መነፋት፣ ታዳኝን ደጋግሞ መሳት ወይም ከክብደቷ አንድ አሥረኛውን ማጣት ከታየ ስለ እንቁራሪት ዕውቀት ወዳለው የእንስሳት ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። የምትንቀጠቀጥን እንቁራሪት አፏን ከፍቶ ካልሲየም መጨመር አይገባም፤ የለሰለሰው መንጋጋ በቀላሉ ይሰበራል፤ ዱቄቱም ትንታ ያስከትላል። አየር ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ በንጹሕ ውኃ የረጠበ ወረቀት አንጥፎ፣ ከፀሐይና ከብርድ ጠብቆ ይዟት መሄድ ነው። ከእሷ ጋር የሁለቱ ዱቄቶች ዕቃዎች ከነመለያቸው፣ የክብደት መዝገቧ፣ የዩቪቢ መብራቱ የተገዛበት ቀን፣ የምትበላቸው ነፍሳት ዓይነትና እነሱ የሚመገቡት መኖ ተጽፎ፣ ከተገኘም ትኩስ ኩስ በእርጥብ ንጹሕ ዕቃ ተይዞ ይቅረብ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው።